ቅንጣት የምታህል ልዩነት፦ የሊነስ ፓውሊንግ ሕይወት

ውድ እህቶቼ፣ ልጅ በታመመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው እናት ላይ ነው። ዛሬ የአንድን በሽታ ምንጭ ደም ውስጥ ፈልገው ያገኙትን አሜሪካዊ ሳይንቲስት ታሪክ አቀርብላችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሊነስ ፓውሊንግ በ1901 በፖርትላንድ ከተማ ተወለዱ። ፋርማሲስት አባታቸው ሲሞቱ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ክፍል እያከራዩ ሦስት ልጆች አሳደጉ። ፓውሊንግ እየሠሩ ተማሩ፤ በገንዘብ እጦት ትምህርታቸው ሊቋረጥ ሲል ኮሌጁ ራሱ በ18 ዓመታቸው አስተማሪ አድርጎ ቀጠራቸው። በዚያው ያስተማሯትን አቫ ሄለንን በ1923 አገቡ።

በ1945 ስለ ሲክል ሴል በሽታ ከአንድ ሐኪም ሰሙ። የታማሚው ቀይ የደም ሴል ኦክስጅኑን ሲያራግፍ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ ቀጭን የደም ሥር ዘግቶ ብርቱ ሕመም ያመጣል። ፓውሊንግ ችግሩ ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን ላይ እንደሚሆን ገመቱ። ከሃርቪ ኢታኖና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የጤነኛና የታማሚ ሄሞግሎቢን ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ፈሳሽ ውስጥ አስኬዱ። ሁለቱ እኩል አልተጓዙም፤ የተሸከሙት የኤሌክትሪክ ሙል ይለያያል ማለት ነው። ሳይታመሙ ባሕርዩን በሚሸከሙ ሰዎች ደም ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ተገኘ። ውጤቱ በ1949 ታተመ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ አኃዝ ከተለወጠ ሂሳቡ እንደማይታረቅ አውቃለሁ። ቨርነን ኢንግራም በኋላ እንዳሳዩት፣ 146 አሚኖ አሲዶች ባሉት የሄሞግሎቢን ሰንሰለት የተለወጠው አንዱ ብቻ ነው። ኔጌቲቭ ሙል ያለው ወጥቶ ሙል የሌለው ገባ። የመጀመሪያው ከውሃ ጋር ይስማማል፤ ተተኪው ግን ውሃ ስለሚሸሽ ኦክስጅን ሲለቀቅ ከጎረቤቱ ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ ረጅም ዘንግ ይሆንና ሴሉን ያጎብጠዋል።

በሽታው የሚወረሰው ከእናትም ከአባትም ነው። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ብዙውን ጊዜ አይታመምም፤ እንዲያውም ከከባድ ወባ ይጠበቃል። ልጇን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የላከች እናት የወባን ክፋት ታውቃለች። ባሕርዩ ወባ በበዛበት ምድር ሲወረስ የኖረውም ለዚህ ነው።

ፓውሊንግ በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። በባለቤታቸው ጉትጎታ የአቶሚክ ቦምብ ሙከራን ተቃውመው የ1962ን የሰላም ኖቤልም አገኙ። በ1994 በ93 ዓመታቸው አረፉ።

እህቶቼ፣ ልጇ የታመመባትን እናት ከመውቀስ ይልቅ ወደ ጤና ተቋም እንሸኛት፤ አባትየውም አብሮ ይመርመር።