ሸኽ ጦልሃ፦ በጀማዓው አንደበት የኖረ ግጥም



ለዚህ መጽሔት ግጥም ልከን እርማት ሲመለስልን ያኮረፍን ጥቂት አይደለንም። ቤት አልመታም፣ እንደገና ጻፈው መባል ያማል። እስቲ ዛሬ ግጥማቸውን ለጀማዓ ጆሮ የሰጡትን ሸኽ ጦልሃ ኢብኑ ጃዕፈርን (ረሒመሁላህ) እናስታውስ።

ሸኽ ጦልሃ የወሎ ዓሊም ናቸው፤ የተወለዱት በ1853 ገደማ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲቀበል ሲያዙ፣ እንቢ ብለው ተቃውሞውን ከመሩት ዑለማዎች አንዱ ሆኑ። ያኔ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበሩ። ከእኛ ብዙም አይበልጡም።

ዓረብኛ የተማሩ ሰው ሆነው ሳለ መንዙማ በአማርኛ ገጠሙ። በእኛ ግምት ትልቁ ውሳኔያቸው ይህ ነው፤ ዓረብኛ የማያውቀው ገበሬም እንዲሰማው። የጻፉት ግን በዓረብኛ ፊደል፣ በአጀም ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ዓረብኛ ሦስት የአናባቢ ምልክት ሲኖረው አማርኛ ሰባት ድምፅ አለው፤ ለ«ጨ» እና ለ«ጰ»ም ፊደል የለውም። ግጥሙን አስቀድሞ በጆሮው ያልያዘ ሰው ከወረቀቱ ብቻ ማንበብ ይከብደዋል።

ስለዚህ ለመንዙማ ዋናው ማተሚያ ቤት ሐድራው ነው። መሪው ስንኙን ያወጣል፣ ጀማዓው አዝማቹን ይቀበላል። ምቱ የተሰበረ ስንኝ እዚያው ይታወቃል፤ ከድቤው ጋር አይሄድም፣ ተቀባዩ ይደናቀፋል። ገምጋሚ ሳይሾም የተሰበሰበው ሁሉ ይገመግማል። የወደደው ደረሳ ይገለብጠዋል፣ ማንም ያልያዘው ይረሳል። (በመንዙማ ላይ በመካከላችን የተለያየ አቋም እንዳለ እናውቃለን፤ እሱ ለኡስታዞቻችን ይቆይ።)

ሸኽ ጦልሃ በ1936 ወደ አኼራ ሄዱ። የታሪክ ተመራማሪው ሑሴን አሕመድ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ያሳተሙት በ1989 ነው፤ ከ53 ዓመት በኋላ።

ከአዲስ ዓለምም ሆነ ከሰሜን ጎንደር ደጋ የመጣችሁ፣ በአያቶቻችሁ ቤት በአጀም የተጻፈ ደብተር ካለ ሳይጠፋ ፎቶ አንሱልን። ያኮረፋችሁም ግጥማችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከመግሪብ በኋላ ጮክ ብለን እናነበዋለን ኢንሻአላህ። ድቤ ግን የለንም።