የቴኒሱ ጀግና አርተር አሽ

በዚህ ዕትም የምናስታውሰው አርተር አሽ በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር በሪችመንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ለጥቁሮች ብቻ የተከለለ መናፈሻ ጠባቂ ስለ ነበረ፣ ልጁ ገና በሕፃንነቱ ከደጃፉ ባለው ሜዳ ራኬት ያዘ። የነጮቹ ሜዳ ግን ዝግ ነበር።

እንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ በ1966 በሎስ አንጀለስ ተመረቀ። በ1968 የአሜሪካን ኦፕን ሲያሸንፍ፣ በአማተርነት ስለ ተጫወተ የ14,000 ዶላሩ ሽልማት ለተሸናፊው ለቶም ኦከር ተሰጠ። በ1975 ጂሚ ኮነርስን ረትቶ በዊምብልደን የነጠላ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ።

እኛን ይበልጥ የሚያከራክረን ግን የደቡብ አፍሪካው ጉዞ ነው። የዘር አድልዎው መንግሥት ደጋግሞ ቪዛ ከከለከለው በኋላ በ1973 ቢፈቅድለት ሄዶ ተጫወተ። ጉዞው ለአፓርታይድ መልካም ስም ይሰጣል ያሉ ነቀፉት፤ እሱ ግን በዚያ ሜዳ ነጻ ጥቁር ሰው መታየቱ ይጠቅማል ብሎ አመነ። ኋላ ሐሳቡን ለውጦ የማግለሉ ደጋፊ ሆነ፤ በ1985ም ዋሽንግተን በሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ለተቃውሞ ወጥቶ ታሰረ።

ለአህጉራችንም ፍሬ ትቷል። በ1971 በካሜሩን አግኝቶ የረዳው የ11 ዓመት ልጅ ያኒክ ኖዋ በ1983 የፈረንሳይን ሻምፒዮና አሸነፈ።

አሽ በሕክምና ጊዜ በተሰጠው ደም ምክንያት ኤድስ ይዞት በ1993 በ49 ዓመቱ ዐረፈ። ዋንጫውን ሁላችንም ማግኘት አንችልም፤ የራስን ሐሳብ መርምሮ ለማቅናት መድፈርን ግን ከእሱ ልንማር እንችላለን።