ፍራንክ ባክላንድና የሳልሞን መንገድ
ሳልሞን በወንዝ ተፈልፍሎ በባሕር የሚያድግ፣ ዕንቁላሉን ለመጣል ግን ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በብዙ የእንግሊዝ ወንዞች የወፍጮ ግድብ፣ መረብና የከተማ ጉድፍ ይህን መንገድ ዘግተውበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1826 በኦክስፎርድ የተወለደው ባክላንድ በሙያው የጦር ሠራዊት ሐኪም ሲሆን፣ በ1867 የሳልሞን ሀብት ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው ሕግ ወንዞች በአካባቢው ሰዎች ቦርድ እንዲጠበቁ፣ በመረብም በመንጠቆም የሚያጠምዱ የፈቃድ ዋጋ እንዲከፍሉ ፈቅዶ ነበር። ይሁን እንጂ ባለወፍጮው በባለመረቡ፣ ባለመረቡም በባለመንጠቆው ማላከኩን አልተወም። ባክላንድ ከወንዝ ወንዝ እየተዘዋወረ የሁሉንም አቤቱታ ሰማ፤ በግድቦች ላይ የዓሣ መሰላል እንዲሠራ ወተወተ፤ በብርዱ ወራት ውሃ ውስጥ ቆሞ ዕንቁላል ሰበሰበ። አንድ ጊዜም ዓሣ በማያሳልፍ ግድብ ላይ፣ ሳልሞኖች ተመልሰው በሌላ በኩል እንዲያልፉ የሚመራ ማስታወቂያ ሰቀለ። ማስታወቂያውን ማን እንዲያነብለት እንደ ፈለገ ግልጽ ነው።

እርግጥ፣ እንደ ዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ፣ ዕንቁላል በማስፈልፈል ላይ የጣለው ተስፋ ከልክ ያለፈ ነበር፤ መንገዱ ካልተከፈተ ጫጩቱ አድጎ በየት ይመለሳል?

በ1880 በ54 ዓመቱ ሲሞት የዓሣ ሙዚየሙን ለሀገሩ አወረሰ፤ ስለ ዓሣ እርባታ ለሚሰጥ ትምህርትም 5,000 ፓውንድ፣ ከባለቤቱ ሕልፈት በኋላ እንዲከፈል፣ ተናዘዘ።