ስሕተት የማያሳፍራት መምህርት

ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። ገና በ7 ዓመቷ፣ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ብላ የቤቱን ሰዓቶች አንድ በአንድ ፈታታቻቸው። አድጋም በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ አስተማረች፤ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን አገኘች። በጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገብታ፣ በ1944 ሃርቫርድ በነበረው ማርክ 1 በተባለ ግዙፍ ኮምፒዩተር ላይ ተመደበች።

በ1947 ተከታዩ ማርክ 2 ተበላሽቶ ሲፈተሽ፣ በአንዱ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ የእሳት እራት ተቀርቅራ ተገኘች። ሠራተኞቹ አውጥተው አልጣሏትም፤ መዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጥፈው ጻፉባት። ያገኘቻት ሆፐር አይደለችም፤ ታሪኩን ግን በየንግግሯ ስታወራው ኖረች።

ብርቱው ስሕተት ግን ከሰው እጅ የሚመጣው ነበር። ያኔ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የተዘጋጁ ትእዛዞችን ከደብተር ወደ ደብተር በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። አንዲት አኀዝ ከተዛባች ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ተማሪ ከሰሌዳ ሲገለብጥ የሚሆነውን መቼም እናውቀዋለን! ስለዚህ በ1952 ግልበጣውን ለማሽኑ ያስረከበ፣ ኤ-0 የተባለ ኮምፓይለር ሠራች። በ1953 ኤ-2 ሲወጣ ደግሞ ፕሮግራሙ እንደተጻፈ ለደንበኞች ተሰጠ፤ ያሻሻለ ሰው ማሻሻያውን መልሶ እንዲልክም ተጋበዘ። ሥራዋን አልደበቀችም።

በ1986፣ በ79 ዓመቷ፣ በሪር አድሚራልነት ማዕረግ ጡረታ ወጣች፤ በ1992 አረፈች።

ዕጩ መምህራን! የተማሪን ስሕተት በቀይ ሰርዘን ብቻ አንለፍ። ከየት እንደመጣ እንፈልግ፤ ለክፍሉም እናሳይ። የራሳችንንም ጭምር።