የመናዊው እጨጌ

ክርስትና እውነት ለመሆኑ በምክንያትና በማስረጃ መከራከር ከውጭ አገር የመጣ ፋሽን የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ነገሩ ሲነሳ የሚጠቀሱት ቶማስ አኩይናስና ሲ.ኤስ. ሉዊስ ናቸው። አገር በጦርነት እየነደደ ሳለ አንድ መነኩሴ በግእዝ ጽፎ ለዘመቻው መሪ ያቀረበው ሙግት ግን እምብዛም አይወሳም። መጽሐፉ "አንቀጸ አሚን" ይባላል፤ የእምነት በር ማለት ነው። ጸሐፊው አባ ዕንባቆም ናቸው።

አባ ዕንባቆም በ1470 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በየመን ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው አቡል ፈትሕ ሲሆን፣ ቁርዓንን እያነበቡ ያደጉ የእስልምና ተከታይ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ልባቸውን ያናወጠው ቁርዓን ራሱ ስለ ኢየሱስ የሚናገረው ቃል ነው። ውሳኔውም በአንድ ጀምበር የመጣ አልነበረም። ዓመታት ሲያወጡና ሲያወርዱ ቆይተው፣ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ከእጨጌ ጴጥሮስ ዘንድ ተምረው፣ በ1500 አካባቢ ተጠመቁ። ዕንባቆም ተብለውም መነኮሱ።

ከዚያ በኋላ አረብኛቸው ለአገሪቱ ሥነ ጽሑፍ ሀብት ሆነ። በ1523 የዮሐንስ አፈወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ ከአረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን የደብረ ሊባኖስ አሥራ አንደኛው እጨጌ ሆኑ። ይህ ሹመት ተራ ነገር አይደለም። ጳጳሱ ከግብፅ በሚመጡበት በዚያ ዘመን፣ እጨጌነት ለአገሬው መነኩሴ የተተወ ትልቁ መንበር ነበር። እርሱን ነው እንግዲህ ከየመን የመጡ ሰው የወረሱት።

መንበሩ ግን አልተመቻቸውም። ለንጉሡ ታማኝ አይደሉም ተብለው ተከሰሱ። ሞት ተፈረደባቸው። ቅጣቱ ተለውጦ ወደ ወረብ ተጋዙ፤ በኋላም ምሕረት ተደረገላቸው። ሃይማኖቱን የለወጠ መጻተኛ በተወውም ሆነ በተቀበለው ወገን ዘንድ መጠርጠሩ አይቀርለትም።

በ1529 በሽምብራ ኩሬ ጦርነት የንጉሡ ሠራዊት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተሸነፈ። በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። አባ ዕንባቆም በስደት ከቦታ ቦታ ሲንከራተቱ ቆይተው፣ በ1540 አንቀጸ አሚንን ጻፉ። የተጻፈው ለራሳቸው ለኢማሙ ነው።

ለሕግ ሰው የመጽሐፉ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም። አባ ዕንባቆም ሙግታቸውን የጀመሩት ተከራካሪያቸው ከሚቀበለው ሰነድ፣ ማለትም ከቁርዓን ነው። ቁርዓን ኢየሱስን የአላህ ቃልና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ይለዋል፤ ማርያምን ከሴቶች ሁሉ አልቆ ያከብራል፤ ተውራትና ወንጌልም መመሪያና ብርሃን እንደሆኑ ይመሰክራል። ታዲያ ምስክሩን የምትቀበሉ ከሆነ ምስክርነቱን እንዴት ትገፋላችሁ? የሙግታቸው አንደኛ ምሰሶ ይህ ነው። ሁለተኛው የወንጌል ዓለም አቀፋዊነት ነው። ወንጌል በአንድ ሕዝብ ቋንቋ ሳይወሰን በብዙ ልሳናት ተጽፎ ለየሕዝቡ ደርሷል ይላሉ። ሦስተኛው፣ ሰይፍ ያልያዙ ድሆችና ደካሞች ይህን እምነት እስከ ነገሥታት አደባባይ ማድረሳቸው በሰው ኃይል ብቻ የማይገለጽ መሆኑ ነው።

ሙግቱ ያሸንፋል ወይ? በበላ ልበልሃ ችሎት ቢቀርብ መልስ የሚያጣ አይመስለኝም። አንድ ሙስሊም አንባቢ፣ ሰነድን የጠቀሰ ሰው የሚጠቅመውን መርጦ የቀረውን መተው አይችልም ሊል ይችላል፤ ያው ቁርዓን ሦስትነትን በግልጽ ይክዳልና። የሦስተኛው ነጥብ ፈተና ደግሞ ከራሱ ወገን የሚመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሐዋርያት ሰይፍ አልያዙም፤ የእኛ ክርስቲያን ነገሥታት ግን ይዘዋል። አፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 በይፋት ላይ የዘመቱት ወንጌል ብቻ ይዘው አልነበረም። ስለዚህ ክርክሩ ስለ ሐዋርያት ዘመን እውነት ቢሆንም፣ ለደጋው መንግሥት ታሪክ ጥብቅና ሊቆም አይችልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የመጽሐፉ ክብር አይቀንስም። ገዳማቸው ተቃጥሎባቸው፣ ከሳሽ ለመሆን ሙሉ ምክንያት እያላቸው፣ አባ ዕንባቆም ኢማሙን ሊያመዛዝን እንደሚችል ሰው ቆጥረው ሞገቱ። እምነታቸው እውነት መሆኑን ሊያስረዱ የሞከሩት በመራገም ሳይሆን በምክንያት ነው።

በዚያው በ1540 አፄ ገላውዴዎስ ነገሡ፤ አባ ዕንባቆምም አማካሪያቸው ሆኑ። ኢማም አሕመድ በ1543 በወይና ደጋ ተገደሉ። መነኩሴው ግን ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። በ1553 በረላምና የዋሰፍ የተባለውን መጽሐፍ ከአረብኛ ወደ ግእዝ ተረጎሙ። የሚገርመው ይህ የክርስቲያን መነኮሳት መጽሐፍ ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ መሆኑ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ፣ በብዙ ቋንቋ አልፎ፣ በየመናዊ እጅ ግእዝ ሆነ። አባ ዕንባቆም ዘጠና ዓመት ገደማ ኖረው በ1560ዎቹ እንዳረፉ ይገመታል። አንቀጸ አሚንን በ1969 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በላይደን ያሳተሙት ኔዘርላንዳዊው ምሁር ኤሜሪ ቫን ዶንዘል ናቸው።

ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎረቤት ናቸው። በመካኒሳ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ነገረ መለኮት ያስተምራል። ክርክሩም አልቆመም፤ በየታክሲው፣ በየቢሮው፣ በየስልኩ መስኮት ቀጥሏል። ችግሩ መከራከራችን አይደለም። እምነቴ እውነት ነው የሚል ሰው ምክንያቱን ቢያስረዳ ነውር የለበትም፤ የሚሰማውም ቢመልስለት እንደዚሁ። ችግሩ የሌላውን መጽሐፍ ከተቆራረጠ ቪዲዮ ላይ ለቅመን መጥቀሳችን፣ ያልገባንንም በስድብ መሙላታችን ነው።

አባ ዕንባቆም ከቁርዓን ጋር ከመሟገታቸው በፊት ቁርዓንን በራሱ ቋንቋ አንብበውታል፤ ለዓመታትም አምነው ኖረውበታል። ከእኛ ተከራካሪዎች ውስጥ የጎረቤቱን መጽሐፍ አንዴ እንኳ ገልጦ ያነበበ ስንቱ ይሆን?