በፈላ ውሃ ተራራ የለካው ሰው

ካዛንቺስ ሻይ ስትጥዱ ውሃው የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ? 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ይህችን ነገር ይዞ የሀገራችንን ከፍታ ሲለካ የኖረ ሰው ነበር፤ አንቷን ዳባዲ ይባላል።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 ደብሊን ውስጥ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ ያደገው ግን ፈረንሳይ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወርዶ ወደ ጎንደር ዘለቀ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሙን እዚሁ ትቶ መሣሪያ ሊያሟላ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ዳግም መጥቶ እስከ 1848 ድረስ ጎጃምን፣ እናርያንና ከፋን አዳረሰ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ ቴዎዶላይቱን ይተክላል፣ የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ውሃ ያፈላል፣ ቴርሞሜትሩን ያነባል፣ ከፍታውን ያሰላል። ጂፒኤስ የለ፣ ሳተላይት የለ! ያን ሁሉ ቁጥር ይዞ ነው በኋላ የኢትዮጵያን ካርታ የሠራው።

ታዲያ ይህ ጠንቃቃ ሰው ትልቅ ስህተት ሠርቷል። በ1846 የነጭ አባይን ምንጭ ጊቤ አካባቢ አገኘሁ ብሎ አመነ፤ ባንዲራም ተከለ። ጊቤ ግን ወደ ኦሞ ነው የሚገባው፤ ኦሞ ደግሞ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። መሣሪያው አልዋሸውም፤ የተሳሳተው ከቁጥሩ የወሰደው ትርጉም ነው።

ሀገሩ ከገባ በኋላም አላረፈም። ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ወስዷል፤ በ1873 የብራዚልና የኢትዮጵያ ልኬቶቹን፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ኦንዳይ ከተማ ባሠራው ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ሳይቀር አለ። እዚያው ቤት አየር ብርሃንን እንዴት እንደሚያጎብጥ ለማየት ግድግዳዎቹን አስበስቶ በቀዳዳው በኩል አንድ ተራራ ሊመለከት ሞከረ። አልሆነለትም። አልደበቀውም ግን፤ ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ እዚያው አስጻፈ። በ1897 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

አሁን ቂርቆስ ውስጥ ሰገነቱ ላይ ትንሽ የአየር ሁኔታ ጣቢያ መትከል ለሚያምረው ሰው የዳባዲ ሕይወት ብዙ ይነግረዋል። የሙቀት ሴንሰሩን ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ካጣበቃችሁት የምትለኩት አየሩን ሳይሆን ቆርቆሮውን ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ነፋስ ግን የሚያልፍበት ቦታ ይፈለግለት። የግንባታ አቧራና ቅጠል የዝናብ መለኪያውን አፍ ስለሚደፍነው ክረምት ሳይገባ ጥረጉት፤ ዘመም እንዳይልም እዩት።

የግፊት ሴንሰሩ 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ቢያሳይስ? ስልካችሁ ላይ ያለው መተግበሪያ 1,015 ስላለ ብቻ ሴንሰሩን ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። መተግበሪያው የሚያሳየው ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረውን ነው፤ የናንተው የሚያሳየው እዚሁ ካዛንቺስ ያለውን። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቁጥሩን ከመጠራጠራችሁ በፊት ምን እየለካ እንደሆነ ጠይቁ፤ ዳባዲን ጊቤ ላይ ያሳሳተችው ይህቺው ናት።