ራስ መኮንንና የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ

ከቦርደዴ ቆላ ወደ ጭሮ፣ ከጭሮም በጨርጨር ደጋ ወደ ሐረር የሚያቀና መንገደኛ ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ለ19 ዓመታት ያህል ያስተዳደሩትን አገር ያቋርጣል። ራስ መኮንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለነበሩ ከአፄ ምኒልክ ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የሐረር ገዥ ሆነው ተሾሙ። በጨለንቆ የወደቁት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይህን ሹመት የሚያስታውሱት በሌላ ዓይን መሆኑ ሳይዘነጋ ነው።

በ1881 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ በመሻገራቸው ሮም እንደ ወዳጅ ትቆጥራቸው ጀመር። ኋላ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ያመጣው ጠብ ወደ ጦርነት ሲያመራ፣ ኢጣሊያኖች ከራስ መኮንን በኩል ብርቱ ውጊያ አይመጣብንም የሚል ተስፋ ነበራቸው። ራስ መኮንን ግን ገና አራት ዓመት ያልሞላውን ልጃቸውን ተፈሪን ትተው የሐረርጌን ጦር እየመሩ ወደ ሰሜን ዘመቱ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ የሻለቃ ቶዜሊ ጦር ተደመሰሰ። ቶዜሊም በዚያው ወደቀ፤ ራስ መኮንን ሬሳው በክብር እንዲቀበር አደረጉ።

ከአላጌ ቀጥሎ የቆመው የመቀሌው የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ነበር። በውስጡ ሻለቃ ጋሊያኖ ከ1,000 የሚበልጡ ወታደሮችን ይዞ መሽጓል፤ አብዛኞቹ የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። ራስ መኮንን ከመዋጋታቸው በፊት ደብዳቤ ላኩለት። እንደ አገሩ ወግ ደኅንነቱን ጠየቁ፤ እሳቸውም ሠራዊታቸውም ደኅና መሆናቸውን ገለጡ። ቀጥለውም የክርስቲያን ደም መፍሰሱ እንደሚያሳዝናቸው፣ ስለዚህ ወታደሮቹን ይዞ አገሩን እንዲለቅ፣ እምቢ ካለ ግን ለመዋጋት እንደሚገደዱ አስታወቁት።

የጋሊያኖ መልስም ትሕትና አልጎደለውም። ሰላምታውን በሰላምታ መለሰ፤ ነገር ግን ንጉሡ በዚያ እንዲቆይ ስላዘዙት ንቅንቅ እንደማይል፣ መልካም ጠመንጃና መድፍም እንዳለው ገለጠ። መልሱ ፉከራ ብቻ አልነበረም። የምሽጉ ግንብ ጠንካራ፣ ዙሪያው በሽቦና በሹል እንጨት የታጠረ ነበር። አፄ ምኒልክ ከዋናው ሠራዊት ጋር ከደረሱ በኋላ የተደረገው ማጥቃት ብዙ ጀግና አስጨርሶ ቅጥሩን ሳይሰብር ቀረ።

የምሽጉ ድክመት ከግንቡ ውጭ ነበር፤ ወታደሩ የሚጠጣው ውኃ ከቅጥሩ በታች ካለው ምንጭ ይቀዳ ነበር። ይህን ያጤኑት እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ የተመረጡ ሰዎችም በሌሊት ያዙት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለቦርደዴና ለሚኤሶ ቆላ ሰው ለማስረዳት ረጅም ሐተታ አያሻም። ውኃው በልክ ተሰፈረ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሁለት ሳምንት ያህል የጠመንጃ ጥይት ያልበገራቸው ሰዎች በጥም ተሸነፉ።

የማስታረቁን መልእክት ያመላለሰው በሐረር ይነግድ የነበረውና ራስ መኮንንን የሚያውቀው ኢጣሊያዊ ፌልተር ነው። ጥር 13 ቀን ጋሊያኖና ሰዎቹ መሣሪያቸውን እንደያዙ ወጡ። በወጥመድ የገባ ጠላት ከነጠመንጃው መለቀቁ ያላስደሰታቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ቅሬታቸውም እንዲያው የመጣ አልነበረም። ሆኖም ራስ መኮንን የተለቀቁትን አጅበው በሐውዜን በኩል ሲጓዙ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ከኋላ ተከትሎ ወደ ዐድዋ አቅጣጫ ተዛወረ። ኢጣሊያኖች የገዛ ወገናቸውን እንዳይመቱ በመፍራት ሊተኩሱ አልቻሉም። በምሕረቱ ውስጥ የጦር ብልሃትም ነበረበት።

ጋሊያኖ ከጥም አምልጦ ብዙ አልቆየም፤ የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ወደቀ። ራስ መኮንን በዚያም ተዋግተው ወደ ሐረር ተመለሱ፤ በ1894 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሲነግሥ ኢትዮጵያን ወክለው ወደ ለንደን ሄዱ። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ቡርቃ ላይ ታመሙ። ጉዞው ተቋርጦ ወደ ቁልቢ ተመለሱና በመጋቢት ወር በዚያው ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም ሐረር ተቀበረ።